አሳማኝ የአስተያየት ጽሑፍ እንዴት ይጻፋል?

በሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ለተማሪዎች ከሚሰጡት የድርሰት ዓይነቶች አንዱ የአስተያየት ጽሑፍ ነው። «ከዕውቀትና ከሀብት የትኛው ይበልጣል?»፣ «ከገጠርና ከከተማ ኑሮ የትኛው ይሻላል?» የሚሉት ርእሶች ለብዙ ዘመን ሲሰጡ ኖረዋል። ተማሪው ከሁለቱ አንዱን ይይዛል፤ የያዘውን ያወድሳል፤ ያልያዘውን ይነቅፋል፤ በመጨረሻም «ስለዚህ ዕውቀት ይበልጣል» ብሎ ብዕሩን ያስቀምጣል። መምህሩም የፊደል ግድፈቱን በቀይ ቀለም አርሞ ነጥብ ይሰጣል። ጽሑፉን አንብቦ አሳቡን የለወጠ ሰው ይኖር እንደ ሆነ ግን የሚጠይቅ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ሆኖም የአስተያየት ጽሑፍ ዋና መለኪያ ይኸው ጥያቄ ነው። ግጥም ለውበቱ፣ ታሪክ ለእውነተኛነቱ ይነበባል። የአስተያየት ጽሑፍ ግን አንባቢው ከማንበቡ በፊት ከነበረበት ቦታ አንድ እርምጃ እንዲራመድ ለማድረግ የሚጻፍ ነው። ይህ እርምጃ የሚገኘው ድምፅን ከፍ በማድረግ ወይም ቃላትን በማሳመር አይደለም። ከሁለት ነገሮች ይመነጫል። አንደኛው፣ ጸሐፊው የሚጠይቀው ነገር የተወሰነና ሊፈጸም የሚችል መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የተቃራኒውን ወገን ነገር በቅንነት ሰምቶ መመለሱ ነው። ከዚህ በታች እነዚህን ሁለት ነገሮች መምህራንና ተማሪዎች በሚገባ በሚያውቁት አንድ ክርክር፣ ማለትም በሞክሼ ፊደላት ጉዳይ፣ እያሳየን እንሄዳለን።

1. የአስተያየት ጽሑፍ ምንነት

በጋዜጣ ላይ ከሚወጡት ጽሑፎች መካከል ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። ዜና የሆነውን ነገር ይነግራል፤ የጸሐፊውን ስሜት አይጨምርም። ርእሰ አንቀጽ የጋዜጣው የዝግጅት ክፍል አቋም የሚገለጽበት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የጸሐፊ ስም አይታተምበትም። የአስተያየት ጽሑፍ ግን አንድ ሰው በስሙ ፈርሞ፣ ኃላፊነቱን ራሱ ወስዶ፣ «እኔ እንዲህ ይሁን እላለሁ፤ ምክንያቴም ይህ ነው» የሚልበት ነው።

ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ በአገራችን አዲስ አይደለም። በ1917 ዓ.ም. የተመሠረተው «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ የዘመኑ ምሁራን ስለ ትምህርትና ስለ አስተዳደር ያላቸውን አሳብ የሚያቀርቡበት መድረክ ነበር። ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. መታተም የጀመረው «አዲስ ዘመን»ም የአንባቢያንን ደብዳቤና አስተያየት ሲያስተናግድ ኖሯል። ከጋዜጣ በፊትም ቢሆን አሳብን በማስረጃ አስደግፎ የመከራከር ሥርዓት በሸንጎና በችሎት በሚገባ የዳበረ ነበር።

2. የሚጻፈው ለማን ነው?

በቀድሞው የሙግት ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት ቆመው በቃል ይሟገቱ ነበር። «ተጠየቅ» ወይም «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ነገርን በነገር ይመልሳሉ፤ ውርርድም ይወራረዳሉ፤ በዙሪያው የቆመው ሕዝብ ደግሞ ያዳምጣል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ተሟጋቹ ፊቱን ወደ ባላጋራው አዙሮ ይናገር እንጂ የሚያሳምነው ባላጋራውን አይደለም። ባላጋራማ መቼም አይረታም። የሚያሳምነው ዳኛውንና በዙሪያው የቆመውን አዳማጭ ነው።

የአስተያየት ጸሐፊም እንደዚሁ ነው። ከእርሱ ጋር አስቀድሞ የተስማማ አንባቢ ጽሑፉ አያስፈልገውም። ፈጽሞ የሚቃወመው አንባቢ ደግሞ በአንድ ጽሑፍ አይመለስም። የሚጻፈው በመካከል ላለው፣ ነገሩን ገና ላልወሰነው አንባቢ ነው። ይህ አንባቢ ሁለቱንም ወገን ስለሚሰማ ስድብና ማጋነን ያስጠረጥረዋል። እንግዲህ ተማሪው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት «ዳኛዬ ማን ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። የት/ቤቱ ዲሬክተር ነው? የአማርኛ ትምህርት ክፍል ነው? የተማሪዎች ወላጆች ናቸው? መልሱ ሲታወቅ የቃሉ ምርጫና የማስረጃው ዓይነት አብሮ ይታወቃል።

3. ርእስን ማጥበብ

«ከዕውቀትና ከሀብት የትኛው ይበልጣል?» የሚለው ርእስ ለንግግር ልምምድ ሊጠቅም ይችላል። ለአስተያየት ጽሑፍ ግን አይመችም። ምክንያቱም ክርክሩ ቢያልቅ ማንም ሰው በማግሥቱ የሚያደርገው ነገር የለም። ዕውቀት ይበልጣል ተብሎ ቢወሰን ገንዘቡን የሚጥል፣ ሀብት ይበልጣል ተብሎ ቢወሰን ት/ቤት የሚዘጋ አይኖርም። መልካም ርእስ ግን መልሱ አንድ ሰው የሚሠራውን ሥራ የሚለውጥ ነው።

የሞክሼ ፊደላትን ጉዳይ እንውሰድ። በፊደል ገበታችን 33 ፊደሎች እያንዳንዳቸው በ7 ድምፅ ተዘርዝረው 231 ሆሄያት ይሆናሉ። ከእነዚህ ውስጥ «ሀ፣ ሐ፣ ኀ»፤ «ሰ፣ ሠ»፤ «አ፣ ዐ»፤ «ጸ፣ ፀ» በዛሬው አማርኛ አነጋገር የድምፅ ልዩነት የላቸውም። በጥንቱ ግእዝ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድምፅ እንደ ነበራቸው የቋንቋ ሊቃውንት ያስረዳሉ። ድምፁ ቢጠፋም ቅርጹ ቀርቷል። ስለዚህ ጽሕፈት የሚማር ልጅ በጆሮው ሰምቶ ሊለያቸው አይችልም፤ ቃሉን ከነፊደሉ ማጥናት አለበት።

«የአማርኛ ፊደል መሻሻል አለበት ወይስ የለበትም?» ብሎ መነሣት ለአንድ ገጽ ጽሑፍ እጅግ ሰፊ ነው። የ9ኛ ክፍል ተማሪ የአገሪቱን የአጻጻፍ ሥርዓት የሚለውጥ ሥልጣን ካለው አካል ፊት አይቀርብም። ነገር ግን በየሳምንቱ ቃለ ጽሕፈት ይጽፋል፤ ይኸውም መምህሩ እያነበበ ተማሪው የሚጽፈው ነው። «ፀሐይ» የሚለውን «ጸሀይ» ብሎ ቢጽፍ ነጥብ ይቀነስበት ወይስ አይቀነስበት? ይህን የሚወስነው የትምህርት ክፍሉ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ሊወስነው ይችላል። ርእሱ በዚህ መጠን ሲጠብ ጸሐፊው የሚናገርለትም የሚናገረውም ሰው ፊት ለፊት ይታያሉ።

4. አቋምን በአንድ ዓረፍተ ነገር መግለጽ

ተማሪው ርእሱን ካጠበበ በኋላ አቋሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ይህ ዓረፍተ ነገር ለጠቅላላው ጽሑፍ ኃይለ ቃል ሆኖ ያገለግላል። ሦስት ሙከራዎችን እናነጻጽር።

ሀ/ «የፊደል ጉዳይ ትልቅ ትኩረት ሊሰጠው ይገባል።»
ለ/ «ሞክሼ ፊደላት ጊዜ ያለፈባቸው ስለሆኑ መጥፋት አለባቸው።»
ሐ/ «በ9ኛ ክፍል ቃለ ጽሕፈት ተማሪው አንዱን ሞክሼ ፊደል በሌላው ተክቶ ቢጽፍ ነጥብ ሊቀነስበት አይገባም።»

የመጀመሪያው አቋም አይባልም፤ ማንም የማይቃወመውን ነገር መናገር አስተያየት መስጠት አይደለም። ሁለተኛው አቋም ቢሆንም ማን ምን እንዲያደርግ እንደሚጠይቅ አይታወቅም፤ በዚያ ላይ ፊደልን እንደ ቅርስ የሚያይ አንባቢን ገና በመግቢያው ያስቀይማል። ሦስተኛው የሚያከራክር ነው፤ የተወሰነ ነው፤ አዎን ወይም አይደለም ሊባል ይችላል። ሆኖም ገና አልበሰለም። ለምን እንዳልበሰለ ወደ ተቃራኒው ወገን ስንደርስ እናያለን።

5. ማስረጃ

አቋም ያለ ማስረጃ ምኞት ነው። ተማሪዎች በቀላሉ ሊያገኟቸው የሚችሉ ማስረጃዎች ሦስት ዓይነት ናቸው።

ሀ/ ቁጥር። ከላይ የተጠቀሱት ሞክሼዎች 9 ፊደሎች ሲሆኑ የሚወክሉት 4 ድምፆችን ብቻ ነው። ስለዚህ 5ቱ ትርፍ ናቸው ቢባል 5 በ7 ሲባዛ 35 ሆሄያት ይሆናል። ይህ ከ231 ውስጥ ነው። ይህን ስሌት ማንም አንባቢ በራሱ ሊያረጋግጠው ይችላል፤ ጥንካሬውም ከዚህ ላይ ነው። ነገር ግን ቁጥር ከሚያረጋግጠው በላይ እንዲናገር ማስገደድ አይገባም። 35 ሆሄያት መኖራቸው ልጁ ፊደል ለመቁጠር ምን ያህል ጊዜ እንደሚያባክን አያሳይም።

ለ/ ምሳሌ። «ፀሐይ» የሚለው ቃል ድምፁ ሳይለወጥ በስንት መንገድ ሊጻፍ ይችላል? የመጀመሪያው ሆሄ «ጸ» ወይም «ፀ» ሊሆን ይችላል፤ 2 መንገድ ነው። ሁለተኛው «ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ» ሊሆን ይችላል፤ ግእዙና ራብዑ በአማርኛ አንድ ድምፅ ስለሆኑ 6 መንገድ ነው። 2 በ6 ሲባዛ 12 ይሆናል። አንዲት ባለ ሦስት ሆሄ ቃል በ12 መልክ ልትጻፍ ትችላለች ማለት ነው። ከነዚህ ውስጥ ትክክለኛው አንዱ ብቻ ነው ሲባል ተማሪው የሚሰማው ጭንቀት ከብዙ የቃላት ጋጋታ ይልቅ በዚህ ምሳሌ ይታያል። እንደዚሁም አንድ ሰው ስሙ በአንዱ የምስክር ወረቀት ላይ «ኃይሉ»፣ በሌላው ላይ «ሀይሉ» ተብሎ ሲጻፍ የሚደርስበትን እንግልት ለመረዳት ብዙ ምርምር አያስፈልግም።

ሐ/ ዋቢ። የታወቁ ሰዎችን አሳብ መጥቀስ ይረዳል፤ ነገር ግን ዋቢ ብቻውን ነገር አይጨርስም። በፊደል ጉዳይ ይህ በግልጽ ይታያል። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የአማርኛ አጻጻፍ እንዲሻሻል ከሚሹት አንዱ ነበሩ፤ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው መጽሐፋቸው የሚጠብቁትን ሆሄያት በላያቸው ነጥብ በማድረግ አመልክተዋል። በአንጻሩ ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን ታላቅ መዝገበ ቃላታቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ብለው ሲሰይሙ «ዐዲስ» የሚለውን በዐይኑ «ዐ» ጽፈዋል፤ የፊደሉን ሥር ጠብቀዋል ማለት ነው። ሁለቱም ለአማርኛ የደከሙ ሰዎች ናቸው። ተማሪው አንዱን ብቻ ጠቅሶ ሌላውን ቢደብቅ፣ ሌላውን የሚያውቅ አንባቢ ሲገጥመው እምነት ያጣል።

6. የተቃራኒውን ወገን ነገር በቅንነት ማቅረብ

ብዙ ተማሪዎች የተቃዋሚያቸውን አሳብ የሚጠቅሱት ለማፍረስ እንዲመቻቸው አድርገው ነው። «አንዳንድ ኋላ ቀር ሰዎች ፊደል መነካት የለበትም ይላሉ» ብለው ያልፋሉ። ይህ የገለባ ክምር ሠርቶ እንደ መምታት ነው፤ ምሰሶው ግን አልተነካም። ትክክለኛው ዘዴ የተቃራኒውን ወገን ነገር ባለቤቱ ቢሰማው «አዎን፣ እኔ የምለው ይህንኑ ነው» በሚልበት መንገድ ማቅረብ ነው።

ሞክሼ ፊደላት በትክክል ይጻፉ የሚሉት ወገኖች ቢያንስ ሦስት ጠንካራ ምክንያቶች አሏቸው።

አንደኛ፣ ፊደሉ ትርጉም ይለያል። «ሠረቀ» ወጣ፣ ብቅ አለ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» የሌላውን ንብረት ወሰደ ማለት ነው። «ድኅነት» መዳን ሲሆን «ድህነት» ማጣት ነው።

ሁለተኛ፣ ፊደሉ የቃሉን ዘር ያሳያል። «ምሁር» በሃሌታው «ሀ» ሲጻፍ ከ«መሀረ»፣ ማለትም ከማስተማር እንደ መጣ ይታወቃል፤ «ምሕረት» በሐመሩ «ሐ» ሲጻፍ ከ«መሐረ»፣ ማለትም ይቅር ከማለት እንደ መጣ ይታወቃል። ይህን ማወቅ የግእዝ ጽሑፎችን ለሚያነብ ሰው መንገድ ይከፍታል።

ሦስተኛ፣ ፊደሉ የአማርኛ ብቻ አይደለም። በትግርኛ «ሐ» እና «ዐ» ዛሬም በጉሮሮ ድምፅ ተለይተው ይነገራሉ። አንድ ገበታ ለብዙ ቋንቋዎች የሚያገለግል ከሆነ ለአንዱ ትርፍ የሆነው ለሌላው አስፈላጊ ነው።

አሁን ጸሐፊው ምን ያድርግ? የሚቻለውን ይመልስ፤ የማይቻለውን ይቀበል። «ሠረቀ» እና «ሰረቀ» በዐውዱ ይለያሉ ማለት ይቻላል። «ሌባው ገንዘብ ሰረቀ» ሲባል ፀሐይ ወጣች ብሎ የሚረዳ የለም። ነገር ግን «ሕዝቡ ከድህነት ርቋል» እና «ሕዝቡ ከድኅነት ርቋል» የሚሉትን ዓረፍተ ነገሮች እንመልከት። የመጀመሪያው የምሥራች፣ ሁለተኛው መርዶ ነው። በወረቀት ላይ የሚለያቸው አንድ ሆሄ ብቻ ነው፤ ዐውዱም ሁልጊዜ አይረዳም። እዚህ ላይ ተቃራኒው ወገን እውነት አለው።

ይህን እውነት የሚቀበል ጸሐፊ የተሸነፈ ይመስለው ይሆናል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። አቋሙን እንዲህ ብሎ ያርመዋል፦ «በ9ኛ ክፍል ቃለ ጽሕፈት ሞክሼ ፊደል መተካካቱ ትርጉም በማይለውጥበት ቃል ነጥብ አይቀነስ፤ ትርጉም የሚለውጡት ቃላት ግን በዝርዝር ተለይተው ለተማሪዎች ይሰጡ፤ በእነርሱ ብቻ ይፈተኑ።» ይህ አቋም ከቀድሞው ይበልጥ የጠበቀ፣ ይበልጥ ፍትሓዊ፣ ለመፈጸምም ይበልጥ የቀለለ ነው። ፊደሎቹ ከገበታው ስለማይወጡ የግእዙም የትግርኛውም ጉዳይ አይነካም። ተቃዋሚን በቅንነት መስማት ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ የራስን አሳብ ማብሰያ እሳት ነው። ሦስተኛው ሙከራ አልበሰለም ያልነውም ስለዚህ ነው።

7. ስለ ቋንቋ

በአስተያየት ጽሑፍ ውስጥ አራት ልማዶች መታረም አለባቸው።

ሀ/ ማስረጃ የሚመስሉ ባዶ ሐረጎች። «ማንም እንደሚያውቀው»፣ «ለማንም ግልጽ እንደ ሆነው»፣ «ጥናቶች እንደሚያመለክቱት» የሚሉት አንባቢውን ያለ ማስረጃ ለማሳለፍ የሚሞክሩ ናቸው። ነገሩን ማንም የሚያውቀው ከሆነ መጻፍ አያስፈልግም፤ የማያውቀው ካለ ማስረጃው ይቅረብ።

ለ/ ተረትና ምሳሌን እንደ ማስረጃ መቁጠር። ምሳሌያዊ አነጋገር የንግግር ቅመም ነው፤ ወጡ ግን አይደለም። «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ዝምታን የሚያወድስ እንዳለ ሁሉ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብሎ የሚያፈርስ አለ። ሁለቱም ያማሩ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ዛሬ መናገር ይገባ እንደ ሆነ አያረጋግጡም።

ሐ/ ነገርን ትቶ ሰውን መምታት። «ይህን የሚሉት ሰነፎች ናቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር ከጽሑፉ ቢወጣ ክርክሩ አንዳች አይጎድልበትም። ያልጎደለበት ነገር ከመጀመሪያውም ማስረጃ አልነበረም ማለት ነው።

መ/ ባለቤት የሌለው ጥያቄ። «ስለዚህ የሚመለከተው ክፍል ሁሉ አስፈላጊውን ትኩረት እንዲሰጥበት እንጠይቃለን» የሚለው መደምደሚያ በአያሌ ጽሑፎች መጨረሻ ይገኛል። የሚመለከተው ክፍል ማን ነው? አስፈላጊው ትኩረትስ ምንድን ነው? ማንም ስሙ ሳይጠራ የተጠየቀውን ነገር ማንም አይሠራውም። መደምደሚያው «የአማርኛ ትምህርት ክፍል፣ ከሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ጀምሮ፣ ይህን ያድርግ» ቢል ግን መልስ መስጠት ግድ ይሆናል።

8. የጽሑፉ አሠራር

መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ለአስተያየት ጽሑፍም ያገለግላሉ። በመግቢያው ጉዳዩና አቋሙ ሳይዘገዩ ይገለጹ፤ «ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ...» እያሉ ከዓለም ፍጥረት መነሣት ቦታ ያባክናል። በሐተታው ከሁሉ የጠነከረው ማስረጃ ይቅደም፤ ተቃራኒው አሳብና መልሱ ይከተሉ። በመደምደሚያው ጥያቄው ይቀመጥ። ቀጥሎ ያለው አጭር ጽሑፍ ለማስተማሪያ ምሳሌ የተዘጋጀ ነው።

«ለአማርኛ ትምህርት ክፍል። በቃለ ጽሕፈት ፈተና ‹ፀሐይ›ን በ‹ጸ› የጻፈ ተማሪ ነጥብ ያጣል። ቃሉን በትክክል ሰምቷል፤ ትርጉሙንም ያውቃል፤ ያጠፋው ጆሮው የማይለየውን ፊደል አለመለየቱ ነው። ይህ ቃል ድምፁ ሳይለወጥ በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ስለዚህ ፈተናው የሚለካው የማዳመጥ ችሎታን ሳይሆን የማስታወስ ዕድልን ነው።

«ፊደላችን ከግእዝ ጋር የሚያገናኘን ድልድይ መሆኑን እናውቃለን። ‹ድኅነት›ንና ‹ድህነት›ን የማይለይ ሰውም መዳንን ከማጣት ጋር ሊያደባልቅ ይችላል። እንዲህ ያሉትን ቃላት አለማስተማር ትክክል አይሆንም። ነገር ግን ለሁሉም ቃል እኩል መቅጣት ተማሪው ትርጉም የሚለውጠውን ከማይለውጠው እንዳይለይ ያደርገዋል። ሁሉም በቀይ ከታረመ አስፈላጊው የትኛው እንደ ሆነ በምን ያውቃል?

«ስለዚህ ትምህርት ክፍሉ ከሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ጀምሮ ሁለት ነገሮች ቢያደርግ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ሞክሼ ፊደል ትርጉማቸውን የሚለውጥባቸውን ቃላት መርጦ በየክፍሉ ይለጥፍልን፤ በእነርሱ ብንሳሳት ነጥብ ይቀነስብን። ሁለተኛ፣ በሌሎቹ ቃላት ስሕተቱ ይታረምልን እንጂ ነጥብ አይቀነስብን።»

ይህ ጽሑፍ ረጅም አይደለም፤ ያጌጠም አይደለም። ነገር ግን የሚያነበው መምህር ቢቃወመው እንኳ ለምን እንደሚቃወም መናገር ይገባዋል። ከተቃራኒው ወገን የሚቆም ተማሪም በዚያው ልክ ጠንካራ መልስ ሊጽፍ ይችላል፤ ለምሳሌ የትርጉም ልዩነት ያለባቸውን ብቻ ማጥናት የቃላትን ዘር ለማወቅ እንደማያበቃ፣ ነጥብ የማይያዝበትን ነገርም ተማሪ እንደማያጠናው ሊያስረዳ ይችላል። ሁለቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው ክርክሩ ትምህርት የሚሆነው።

9. ለመምህራን

የአስተያየት ጽሑፍን በአንድ ክፍለ ጊዜ አዞ በማግሥቱ መሰብሰብ ውጤት አያመጣም። በአራት ክፍለ ጊዜያት ቢከፈል ይመረጣል። በመጀመሪያው ተማሪዎች ከት/ቤታቸው ኑሮ ርእስ ያጠብባሉ፤ አቋማቸውንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ። በሁለተኛው ማስረጃ ይለቅማሉ፤ አስተዋጽኦም ያዘጋጃሉ። በሦስተኛው ደብተር ተለዋውጠው እያንዳንዱ የጓደኛውን ተቃራኒ ሆኖ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጽፍለታል። ይህ ክፍለ ጊዜ ከሁሉ ይበልጥ ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም ተማሪው ተቃዋሚውን በምናቡ ፈጥሮ ሳይሆን በአካል ያገኘዋል። በአራተኛው ጽሑፉን አሻሽሎ ይገለብጣል።

ለእርማት ከ20 ነጥብ የሚከተለውን አከፋፈል መጠቀም ይቻላል፦ አቋምና ጥያቄ 4፣ ማስረጃ 5፣ የተቃራኒውን ወገን ነገር በቅንነት ማቅረብና መመለስ 5፣ አደረጃጀት 3፣ ቋንቋና ሥርዓተ ነጥብ 3። የፊደል ግድፈት በመጨረሻው ውስጥ የሚካተት ስለሆነ ጠንካራ አሳብ ያለው ተማሪ በጽሕፈት ድካሙ ብቻ አይወድቅም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር መጠበቅ አለበት። መምህሩ ከራሱ አሳብ ጋር የተስማማውን ጽሑፍ ከፍ አድርጎ፣ የተቃወመውን ዝቅ አድርጎ ቢያርም ተማሪዎቹ ይህን ለማወቅ ከሁለት እርማት በላይ አያስፈልጋቸውም። ከዚያ ወዲያ የሚጽፉት መምህሩ የሚወደውን ነው። ያመነውን ሳይሆን የሚያስመሰግነውን መጻፍ የለመደ ተማሪ፣ አድጎ ሥራ ሲይዝም በስብሰባ ላይ አለቃው የሚወደውን ይናገራል፤ ያየውን ጉድለት ግን ይውጠዋል። የሚጎዳውም እርሱ ብቻ አይደለም፤ እውነቱን ሳይሰማ የሚቀረው መሥሪያ ቤትም ነው። ስለዚህ መምህሩ ቢቻል በየመንፈቀ ዓመቱ አንድ ጊዜ እርሱ ራሱ የማይስማማበትን፣ ነገር ግን በሚገባ የተጻፈ ጽሑፍ መርጦ ለክፍሉ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ከፍተኛ ነጥብ እንደ ሰጠውም ይንገራቸው። ይህ አንድ ድርጊት ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ጥሩ ሆነው የተገኙት ጽሑፎች በግድግዳ ጋዜጣ ቢለጠፉ ወይም በት/ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ቢነበቡ ተማሪው ከመምህሩ ሌላ አንባቢ እንዳለው ይሰማዋል። ጽሑፉ የተላከለት ክፍልም በጽሑፍ መልስ ቢሰጥ፣ መልሱ እንቢታ ቢሆን እንኳ፣ ተማሪው በምክንያት ጠይቆ በምክንያት መልስ ማግኘትን ይማራል።

10. መልመጃ

1/ የሚከተሉትን ሰፊ ርእሶች አንድ የታወቀ ሰው ወይም ክፍል ሊፈጽመው ወደሚችል ጥያቄ አጥብቡ፦ ሀ/ የቤተ መጻሕፍት ጥቅም፤ ለ/ የአካባቢ ንጽሕና፤ ሐ/ የሰዓት አክባሪነት።

2/ «ኃይለ ሥላሴ» የሚለው ስም ድምፁ ሳይለወጥ በስንት መንገድ ሊጻፍ እንደሚችል አስሉ። ስሌታችሁን ከጓደኛችሁ ጋር አነጻጽሩ።

3/ ከአንድ ጋዜጣ አንድ የአስተያየት ጽሑፍ ምረጡ። ሀ/ ጸሐፊው ማንን ምን እንዲያደርግ ይጠይቃል? ለ/ የተቃራኒውን ወገን አሳብ አቅርቧል? ሐ/ ማስረጃ የሚመስሉ ባዶ ሐረጎችን አስምሩባቸው።

4/ በክፍል 8 የቀረበውን ምሳሌ የሚቃወም ጽሑፍ ከ150 እስከ 200 ቃላት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጻችሁ የምሳሌውን ጸሐፊ አሳብ፣ እርሱ ራሱ «ልክ ነው፣ ይህንኑ ነው ያልሁት» በሚልበት መንገድ አቅርቡ፤ ከዚያ በኋላ መልሱ።